የሰፈር ጨዋታ ዳኛ ቢጫን፣ ቀይንና ጭቅጭቅን እንዴት ይይዛል?

ጃንሜዳ እሁድ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄደህ እየው። አንዱ ጥግ ላይ ጤና ቡድን ይጫወታል፣ ሌላው ጥግ ላይ የሰፈር ዋንጫ አለ፣ በመሀል ሯጮች ያልፋሉ። አንተ ፊሽካ ስትነፋ የጎንህ ሜዳ ጨዋታም ይቆማል። ብዙዎቻችን ዳኝነት የጀመርነው እንዲህ ነው። አራተኛ ዳኛ የለም፣ አንዳንዴ መስመር ዳኛም የለም፣ ተመልካቹ መስመሩን ረግጦ ነው የሚቆመው። ፋውል መንፋት በሁለት ወር ይለመዳል። የሚያስቸግረው ከፊሽካው በኋላ ያለው ግማሽ ደቂቃ ነው፤ ማን እየሮጠ ይመጣል፣ ምን ይልሃል፣ አንተስ ምን ትላለህ። («አንተ» እያልኩ የምጽፈው ስለሚቀለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ፈረንሳይ ላይ በሴቶች ዓለም ዋንጫ ጃፓንና ስኮትላንድን ያጫወተችው ሊዲያ ታፈሰ የኛው አገር ዳኛ ናትና እህቶች አትቀየሙኝ።)

ሳይጀመር በፊት

ቢጫውን ደረት ኪስህ፣ ቀዩን የቁምጣህ ኪስ ውስጥ ክተት። አንድ ላይ ከያዝካቸው አንድ ቀን ቢጫ አሳያለሁ ብለህ ቀይ ትመዛለህ፣ ከዚያ የሚመጣውን ሳቅ ቻለው። እስክሪብቶ ሁለት ያዝ። ደብተርህ ላይ የሁለቱን ቡድን የማልያ ቀለም ለየብቻ ጻፍ።

ከዚያ ቁጥር እይ። ማልያ ተውሰው የሚመጡ ቡድኖች አሉ። አንዴ ካዛንቺስ አካባቢ በነበረ የክረምት ውድድር አንድ ቡድን ውስጥ ሁለት 10 ቁጥር ነበሩ፣ እኔ ልብ አላልኩም። አንዱን በ20ኛው ደቂቃ ቢጫ ሰጠሁት። ሌላውን በሁለተኛው አጋማሽ አስቆምኩና «ሁለተኛህ ነው» ብዬ ቀይ መዘዝኩበት። ልጁ አልተናደደም፣ ሳቀ እንጂ። «ዳኛ፣ እኔ እኮ ገና አሁን ተቀይሬ ነው የገባሁት!» ደግነቱ ጨዋታውን አላስጀመርኩም ነበርና ቀዩን ሰረዝኩለት። ጨዋታው ከቀጠለ በኋላ ቢሆን መመለሻ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የተደገመ ቁጥር ካየሁ በፕላስተር እስኪቀይሩት ድረስ አላስጀምርም።

ሁለቱን አምበሎች ጠርተህ አንድ ነገር ብቻ ንገራቸው፦ «ጥያቄ ካለ እናንተ ኑ፣ ሌላ ሰው አይምጣ።» እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ዋንጫ ላይ የተሠራበት አሠራር ይኸው ነው። አዘጋጆቹን ደግሞ ጊዜያዊ ማሰናበት አለ ወይ ብለህ ጠይቅ። ሕጉ ለታዳጊዎች፣ ለአንጋፋዎችና ለታችኛው ደረጃ ጨዋታዎች ፌዴሬሽኑ ከፈቀደ ይቀበለዋል፤ በ90 ደቂቃ ጨዋታ ከሆነ ዳኛን የተጨቃጨቀ ሰው 10 ደቂቃ ውጪ ቆይቶ ይመለሳል። በውድድሩ ደንብ ውስጥ ከሌለ ግን ከራስህ አትፍጠር።

የትኛው ቢጫ፣ የትኛው ቀይ

ብዙውን ታውቀዋለህ። ጨዋታ ማዘግየት፣ ለቅጣት ምት 9 ሜትር ከ15 አለመራቅ፣ ጥፋት መደጋገም፣ ሳይፈቀድ መግባትና መውጣት፣ ማልያ ማውለቅ ቢጫ ናቸው (ጎሉ ቢሻርም የማልያው ቢጫ አይሻርም)። መማታት፣ መትፋት፣ መንከስ፣ ተጋጣሚን ለጉዳት የሚያጋልጥ አገባብ፣ ስድብ ቀይ ናቸው። ሰው የሚምታታበት አንድ ቦታ አለ። ግልጽ የጎል ዕድል ያበላሸ ተከላካይ ቀይ ነው፤ ነገር ግን ፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ኳሷን ለመጫወት ሞክሮ ከሆነ የጣለው፣ ፔናሊቲውም ስላለ በቢጫ ያልፋል። ማልያ ጎትቶ ወይም ገፍቶ ከሆነ ያው ቀይ ነው።

ጭቅጭቁ

«ኧረ ዳኛ!» ጥፋት አይደለም። ኳስ የተቀማ ሰው ጩኸት ነው፣ አልፈኸው ሩጥ። ያው ሰው ሦስተኛ ጊዜ ሲደግመው ግን ከጎኑ እየሮጥክ፣ ወደ ፊቱ ሳትዞር፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ «6 ቁጥር፣ ሰምቼሃለሁ፣ ይበቃል» በለው። ይህቺ ንግግር ስንት ካርድ እንዳስቀረችልኝ! ሰው ፊት ጮክ ብለህ ካልከው ክብሩ ይነካና ይመልስልሃል፣ አንተም ትመልሳለህ፣ ከዚያማ አለቀ።

ያንን ያለፈ ቢጫ ነው። እጁን እያወናጨፈ ሃያ ሜትር ሮጦ የሚመጣብህ፣ ኳሷን በንዴት ወደ ሰማይ የሚለጋ፣ የሚያጨበጭብ። ማጨብጨቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔን የበላኝ እሱ ነው። አቧራ የበዛበት የበጋ ቀን ነበር፣ አንድ ተከላካይ ላይ ጥፋት ነፋሁ። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ፊቱን ወደ ደጋፊው አዞረና ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ አጨበጨበ። ደጋፊው ሳቀ። አንዱ «ሌባ!» አለ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት። እኔ «መቼ ተሳደበ» ብዬ ዝም አልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አራት ተጫዋች እያጨበጨበልኝ ነበር። ሕጉ ተቃውሞን በቃልም በድርጊትም ይቆጥራል። ያኔ አንዱን በቢጫ ብዘጋው ሦስቱ አይከተሉም ነበር፤ ዘግይቼ ግን ለአራቱም መምዘዝ ሊኖርብኝ ሆነ፣ ሁለቱ ደግሞ ቀድሞ ቢጫ ነበረባቸው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ሰው ፊት የሚደረግ ማላገጥ ካየህ አታመንታ።

ስድብ ከሆነ ቢጫ የለም። እናት መጥራት፣ ዘርና ሃይማኖት ማንሳት፣ «ውጪ እንገናኛለን» ብሎ መዛት ቀጥታ ቀይ ነው። ተጫዋች ፊት ለፊት «ሌባ» ካለህስ? ለእኔ ቀይ ነው፣ ጉቦ በላህ ማለቱ ነዋ። ከተመልካች ሲመጣ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ። ኳስ በጨዋታ ላይ እያለች ለጭቅጭቅ ወይም ለስድብ ካስቆምክ የምታስጀምረው በቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ነው (ኳሷ ሌላ ተጫዋች ሳይነካት ብትገባ ጎል የማይባልበት)። ክንድህን ወደ ላይ ማንሳት እንዳትረሳ፣ በቀጥታ መትተው አስገብተው ሌላ ጭቅጭቅ ያመጡብሃል።

ካርዱን ስታሳይ

ጠንከር አድርገህ ንፋ። ወደ ግርግሩ አትግባ፤ ወጣ ብለህ ቁምና ልጁን በእጅህ ጥራው፣ ወደ አንተ ሲራመድ የሚያልፉት ጥቂት ሰከንዶች ለሁለታችሁም ማብረጃ ናቸው። ክንድ የማይደርስበት ርቀት ላይ አቁመው። ነገሩ የተረጋጋ ከሆነ ቁጥሩን መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ አሳይ። ሊደባደቡ የተነሱ ካሉ ቀድመህ አሳይ፣ ሰው ሁሉ ውሳኔህን ሲያይ ይረግባል፣ ከዚያ ጻፍ። ካርዱን ፊቱ ላይ አትደቅን፣ ከጭንቅላትህ በላይ አንሳው። ካርድ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ ላይ የመጣው ከትራፊክ መብራት በተወሰደ ሐሳብ ነው፤ ቋንቋ የማይግባቡ ሰዎችም፣ ሩቅ ያለ ተመልካችም እንዲያየው። ምክንያቱን በአጭሩ በለው፣ «አምስተኛ ፋውልህ ነው» ይበቃል። ምክር አትስጥ፣ አባቱ አይደለህም።

ካርዱ ሳይሰጥ ጨዋታው አይጀመርም። የተበደለው ቡድን ቅጣት ምቱን ቶሎ መትቶ ግልጽ የጎል ዕድል ካገኘና አንተ ገና ካርድ ወደ መስጠቱ ካልገባህ ብቻ ታሳልፋለህ፣ ካርዱን ኳስ ስትቆም ትሰጣለህ።

ሁለተኛ ቢጫ ላይ ደብተርህን ሳታይ አትመዝ። የእኔ ሁለት 10 ቁጥሮች የሚያሳፍሩ ከመሰለህ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በጀርመን ዓለም ዋንጫ እንግሊዛዊው ግራሃም ፖል የክሮሺያውን ሺሙኒችን ያሰናበተው በሦስተኛ ቢጫው ነበር። ሁለተኛውን በአውስትራሊያው 3 ቁጥር ስም መዝግቦት ነበር፤ ሺሙኒችም 3 ቁጥር ነው። የማልያ ቀለም ጻፍ ያልኩህ ለዚህ ነው። ሁለተኛ መሆኑን ካረጋገጥክ ቢጫውን አሳይ፣ ከዚያ ቀዩን።

ቀይ ከወጣ በኋላ

የሰፈር ሜዳ መልበሻ ክፍል የለውም፣ ልጁ ወጥቶ መስመር ላይ ይቆምና ካለበት ይሰድብሃል። ከሜዳው አካባቢ ርቆ እስኪሄድ አታስጀምር። እምቢ ካለ አንተ አትከራከረው፣ አትንካውም። አምበሉን ጠርተህ «ካልወጣ ጨዋታው ያበቃል» በልና ሰዓትህን እያየህ ጠብቅ። አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ጓደኞች ጎትተው ያወጡታል። አንተን ወይም ረዳትህን የመታ ሰው ካለ ግን ጨዋታውን አቋርጠህ ውጣ፣ እዚህ ላይ ጀግንነት የለም። አንድ ቡድን ከ7 ሰው በታች ከቀረም ጨዋታው አይቀጥልም።

አሰልጣኞችም ቢጫና ቀይ ያገኛሉ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ። ከወንበር ማን እንደተሳደበ ካልለየህ ካርዱ የሚሰጠው እዚያ ላለው ዋና አሰልጣኝ ነው። ሰውየው አባትህን የሚያክል ከሆነ «አንተ» እንዳትለው። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ሁለተኛዎ ነው፣ መውጣት አለብዎት» ብለህ ቀዩን አንሳ። ከጤና ቡድን ሽማግሌዎች ጋር ይሄ ይሠራል፤ ሲወጡ እንኳ መርቀውኝ የሄዱ አሉ።

ሪፖርቱን ለነገ አታሳድር። እኔ አራት ኪሎ ማኪያቶ አዝዤ እዚያው ነው የምጽፈው። «በጣም ባለጌ ነበር» ብለህ አትጻፍ፣ ያ ያንተ ፍርድ ነው። ደቂቃውን፣ ቁጥሩን፣ የት እንደቆምክ፣ የተባለውን ቃል እንዳለ አስፍር፣ ብልግናውም ሳይቀነስ፦ «በ63ኛው ደቂቃ ቅጣት ምት ከሰጠሁ በኋላ የቀዩ ማልያ 6 ቁጥር ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ‹ስንት በላህ፣ ሌባ› አለኝ። ቀይ ካርድ አሳየሁት። አምበሉ ይዞት ወጣ። ጨዋታው ከሦስት ደቂቃ በኋላ ቀጠለ።» ከዚያ በስልክህ ፎቶ አንሳውና ወረቀቱን ለአዘጋጆቹ ስጥ።