ቤት ውስጥ ኮክቴል የምትሠሩ፣ እባካችሁ እነዚህን ተዉልኝ

ገና ሲቃረብ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። እዚህ ደሴ ባርማን ስለሆንኩ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የጎረቤት ዘመድ ሁሉ ቲክቶክ ላይ ያየውን ቪዲዮ ይልክና «ጂን አለኝ፣ ሎሚ አለኝ፣ ምን ይጎድለኛል?» ይለኛል። አብሽር፣ ምንም አይጎድልህም። ያለህን ዕቃ ነው የምታበላሸው። በየዓመቱ የማየው ያው ስለሆነ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ከቀላሉ ልጀምር፣ በዓይን መቅዳት። ጠንካራ መጠጥ፣ ሎሚና ስኳር ያለበት ማንኛውም ኮክቴል 2 እጅ መጠጥ፣ 1 እጅ ሎሚ፣ 1 እጅ የስኳር ውሃ ብላችሁ ጀምሩት፣ ከዚያ እንደ ምላሳችሁ አስተካክሉ። የባር መለኪያ የለንም አትበሉኝ፣ የአረቄ መለኪያ ከየትኛው ቤት ይጠፋል? ስንት ሚሊ እንደሚይዝ አትጨነቁ፣ ለሁሉም ያንኑ አንዱን ተጠቀሙ። ችግሩ ሰው የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለክቶ ይሠራል፣ ሦስተኛው ላይ ሞቅ ይለውና ከጠርሙሱ እያንቆረቆረ ይሄዳል፣ በመጨረሻ አማቱ የጠጣችው ሎሚ ጁስ ወንድሙ የጠጣው ባዶ ጂን ይሆናል።

ስኳርን በደረቁ በረዶ ላይ መበተንም ከዚሁ ጋር ይቆጠር። አይሟሟም፣ ታች ይዘቅጣል። እኩል ስኳርና ውሃ አሙቁና አቀዝቅዙት። ማርም እንደዚያው ነው፣ የላስታን ነጭ ማር የመሰለ ነገር ይዞ በረዶ ላይ ሲጥለውና ደርቆ ሲጣበቅ ሳይ ሆዴ ነው የሚቃጠለው፤ ለብ ባለ ውሃ ይበጠበጣል እኮ።

በረዶ። በረዶ ሽታ ይስባል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ከሐይቅ የመጣ ዓሣ አጠገብ ያደረ በረዶ ኮክቴሉን ዓሣ ዓሣ ያሰኘዋል፣ ቀልድ አይደለም፣ አንድ ቤት ሰዎቹ ጂኑን «ፎርጅድ ነው» ብለው ለባለሱቁ ሊመልሱ ተነስተው ነበር። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት ወይ ፌስታል ውስጥ ቋጥሩት። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና የረጋውን ደግሞ በዘነዘና ከስክሶ የሚያቀርብ አለ፣ ደቃቁ በረዶ ወዲያው ይቀልጥና መጠጡ ውሃ ይሆናል። በረዶ የሚሰስት ሰው ደግሞ አለ፣ «በረዶ ከበዛ ይቀጥናል» የሚል። ተገላቢጦሽ ነው! ብዙ በረዶ ሲሆን ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው፣ ሁለት ፍሬ ብቻ ስትጥሉ ነው ወዲያው ሟምቶ የሚያልቀው። ትንሽ ውሃ መግባቱ ራሱ ጥፋት አይደለም፣ በደንብ ተወዝውዞ ከወጣ ኮክቴል ሩብ የሚጠጋው ከበረዶው የመጣ ውሃ ነው፣ የሚያለሰልሰውም እሱ ነው።

ጋዝ ያለውን መወዝወዝ። አምቦ ውሃ፣ ስፕራይት፣ ቶኒክ፣ ቢራ ሼከር (ኮክቴል የሚወዘወዝበት ባለ ክዳን ዕቃ) ውስጥ አይገቡም። አይገቡም! ሼከር የለንም ብለው የሻይ ፔርሙዝ ያወጡ ልጆች ነበሩ፤ ጂን፣ ሎሚ፣ በረዶና አምቦ ውሃ አንድ ላይ ከተቱና ክዳኑን ጥርቅም አድርገው እየተፈራረቁ ናጡት። በር ላይ ደርሼ «ተው!» ሳልል ክዳኑ ተስፈንጥሮ ኮርኒሱን መታ፣ የቀረው የእናትየው አዲስ የሶፋ ልብስ ላይ። እትዬ አልተቆጡም፣ የሎሚ ፍሬ ከምንጣፉ እየለቀሙ «ጠላ እኮ ነበረላችሁ» ብቻ ነው ያሉት። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል ጋዝ ከቆላው ይልቅ እዚህ ቶሎ ይገነፍላል፤ ኮምቦልቻ ቤተሰብ ጋ የተሳካላችሁ ነገር እዚህ ጦሳ ተራራ ሥር ላይሳካ ይችላል። መወዝወዝ ያለበትን ብቻ ወዝውዙ፣ ብርጭቆ ውስጥ አጥልሉ፣ ጋዙን መጨረሻ ላይ ከላይ ቀስ አድርጋችሁ ጨምሩ። ፔርሙዝ ሌላም ጣጣ አለው፣ የቅርንፉድና የቀረፋው ሽታ አይለቀውም፣ ክዳኑ የሚጠብቅ የማርማላታ ጠርሙስ መቶ እጅ ይሻላል።

ቱርቦም ያው ነው። ቢራ፣ ስፕራይትና ነጭ ወይን በጆግ ቀላቅላችሁ ከጠዋት አታስቀምጡ፣ እንግዳ ሲደርስ ነው የሚቀላቀለው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። የማይጠጣ ሰው ብርጭቆ።

ወሎ ነን እኮ። ለገና ቤታችሁ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ሙስሊም ነው፣ አጎት ነው፣ አማች ነው፣ አብሮ አደግ ነው። ለምግቡ ስንጠነቀቅ ደግሞ የሚደርስብን የለም፤ በጉ ለብቻ ተገዝቶ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው እንኳ ይለያል፣ ይሄ ከቅድመ አያት የመጣ ስለሆነ ማንም አያስተምረንም። ከዚያ እዚያው ቤት ልጁ ብድግ ይልና እህቱ ከዱባይ ያመጣችለትን የሚያብለጨልጭ ሼከር ይዞ፣ ጂን ወዝውዞበት ውሃ እንኳ ሳያስነካው ማንጎ ጁስ ይገለብጥበትና «ይሄ የእርስዎ ነው ሐጂ፣ አልኮል የለውም» ብሎ በሁለት እጁ ያቀርባል። በሁለት እጁ! አክብሮቱን ወድጄለታለሁ፣ ሼከሩ ግን ጂን ጂን ይሸታል። አንዱን እንዲህ ሲያደርግ ደርሼበት ብርጭቆውን ከሐጂ እጅ «ይቅርታ፣ ዝንብ ገብቶበታል» ብዬ ተቀበልኩና ጓዳ ወስጄ ደፋሁት፣ ልጁ ነገሩ ስላልገባው «የታለ ዝንቡ?» እያለ ጓዳ ድረስ ይከተለኛል። ዝንቡማ አንተ ነህ!

ማጠብም አይበቃም፣ ለዩ። ሼከሩ፣ ማጥለያው፣ የሎሚ መጭመቂያው፣ የበረዶው ማንኪያ የራሱ ይሁን። የማይጠጡትን መጀመሪያ ሠርታችሁ አቅርቡላቸው፣ ጂኑ ያኔ ገና ታሽጎ ይቀመጥ። ብርጭቆውንም በቅርጽ ለዩ፣ ለጠጪው አጭር ለማይጠጣው ረጅም፣ ምክንያቱም ሁለቱም ብርቱካናማ ከሆኑ ሞቅ ያለው ወንድማችሁ ጠረጴዛ ላይ አቀያይሮ ያስቀምጣቸዋል፣ እኔ አላውቀውም እናንተ ግን ታውቁታላችሁ።

«ጠብታ ምን አላት» ባይ ደግሞ አለ። አንጎስቱራ የምትባለዋን የመራራ ኮክቴል ማጣፈጫ ትንሽ ጠርሙስ ሰው በጠብታ ስለሚጠቀምባት ቅመም ትመስለዋለች። 44.7 ፐርሰንት አልኮል ናት፣ ከብዙዎቹ ጂንና ቮድካ ትበልጣለች። የቫኒላ ኤክስትራክትም በአልኮል የሚዘጋጅ አለ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «ሲነግሩት ነው የሚያውቀው» የሚል ሰው ቤቴ ድርሽ እንዳይል፣ ሰው እናንተን አምኖ ነው ዓይኑን ሳያሽ የሚጠጣው።

ብርዝ እያለ ደግሞ የፋብሪካ ጁስ ላይ ምን አንጠለጠላችሁ? የተበጠበጠ ማር፣ ሎሚ፣ ትንሽ የተወቀጠ ዝንጅብል፣ በረዶ፣ ከላይ አምቦ ውሃ። ጠጪዎቹም ትተው እሱን ይሻሙበታል። ብቻ ዕለቱን የተበጠበጠ ይሁን፣ ማርና ውሃ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይማ አይጠየቅም። የትናንት ብርዝ «አልኮል የለውም» ተብሎ አይቀርብም።

የጾመኛውንም ነገር አትርሱ። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው፣ የፈረንጆቹ ገናና አዲስ ዓመት መሃሉ ላይ ነው የሚወድቁት፣ እናንተ ግን ለዚያ ድግስ እንቁላል ነጭ የተመታበት ዊስኪ ሳወርና ክሬም ያለው ሊከር (ጣፋጭ መጠጥ) ትደረድራላችሁ። እንቁላል ነጩ ለሚሰጠው አረፋ ሽምብራ አለላችሁ! ሽምብራ ያለ ጨው ቀቅላችሁ ውሃውን ወፈር እስኪል አትንኑት፣ አቀዝቅዙና 2 የሾርባ ማንኪያ በአንድ እንቁላል ነጭ ፋንታ ጨምራችሁ ያለ በረዶ ወዝውዙ፣ ከዚያ በበረዶ ድገሙት። ይሄን ነገር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ጆኤል ሮሴል የሚባል ፈረንሳዊ ዘፋኝ ነው፣ ሽምብራ በየቀኑ የምንቀቅል እኛ ውሃውን ስንደፋ ኖረን።

እንቁላል ካነሳን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1826 ገና ዋዜማ ማታ አሜሪካ ዌስት ፖይንት የጦር አካዳሚ ውስጥ በኤግኖግ፣ ማለት እንቁላልና ወተት ከመጠጥ ጋር በሚመታው ነገር፣ ረብሻ ተነስቶ ነበር። ተማሪዎቹ ተከልክለው ሳለ ዊስኪ በድብቅ አስገብተው ጠጡና መስኮት ሰባበሩ፣ ከመሃላቸው በኋላ በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡቦቹ ፕሬዝዳንት የሆነው ጄፈርሰን ዴቪስ ነበረበት። በእንቁላል!

ባዶ ሆድ። የገና ዕለት ላሊበላ ቤዛ ኩሉ ሲባል ቆሞ አድሮ (ታኅሣሥ 29 የንጉሡም የልደት ቀን ስለሆነ እዚያ ድርብ በዓል ነው)፣ ጾሙን ገና እየፈታ ቤት ለደረሰ ሰው በር ላይ ማርቲኒ የመሰለ ጠንካራ ኮክቴል አትስጡት። ዶሮውን ያስቀድም።

ቶሎ ቶሎ ልበል። ሎሚ የዕለቱ ይጨመቅ። ስትጨምቁ ውላችሁ እጃችሁን ሳትታጠቡ ፀሐይ ላይ አትውጡ፣ የሎሚ ጭማቂና ፀሐይ አንድ ላይ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ውሃ እስኪቋጥር ድረስ። ሎሚ፣ ወተት ወይ እንቁላል ያለበት ይወዘወዛል፣ መጠጥ ብቻ የሆነው በማንኪያ ይማሰላል። ኡዞ ውሃና በረዶ ሲነካው ወተት ቢመስል አልተበላሸም፣ በውስጡ ያለው የአኒስ ቅመም ዘይት በአልኮል እንጂ በውሃ ስለማይሟሟ ነው፣ አትድፉት። ብርጭቆ ላይ የምትሰኩት ጌጥ የሚበላ ይሁን፣ ብልጭልጭ ወረቀት አይሁን። የሚበላ ጌጥ ካነሳን፣ ስዊድን ዬቭሌ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለገና ከገለባ ትልቅ ፍየል ያቆማሉ፣ በየጊዜው አንዱ እሳት እየለኮሰ ያቃጥልባቸዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ግን ገለባው ላይ እህል ቀርቶ ኖሮ ወፎች ናቸው የፈጁት።

ይሄኛው ላይ አልቀልድም፣ ማን እንዳወጣው የማታውቁትን በፕላስቲክ የሚዞር አረቄ ኮክቴል ውስጥ አታስገቡ። ሜታኖል ቢኖርበት ጣዕሙም ሽታውም አይነግራችሁም፣ ሎሚና ስኳር ደግሞ ጭራሽ ይደብቀዋል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ነው የሚታየው፤ ዓይን ከደበዘዘ፣ ትንፋሽ ከፈጠነ፣ ትውከት ከበረታ «ሀንጎቨር ነው ይተኛ» ሳትሉ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። የምታውቋት የእትዬ እጅ ያወጣው አረቄም ቢሆን ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል፣ በጂን ልክ አትቅዱት።

የመጨረሻው የሠሪው ነገር ነው። እያንዳንዱን ብርጭቆ ጎንጨት እያለ «ልቅመሰው» የሚል ሰው እንግዳ ሳይገባ ያበቃለታል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኖቬምበር መጨረሻ አሜሪካ ቨርጂኒያ አሽላንድ ውስጥ ራኩን የሚባለው የዱር እንስሳ በኮርኒስ በኩል የመጠጥ መሸጫ ሱቅ ገብቶ ጠርሙስ እየሰበረ ጠጣና ሽንት ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሮ ተገኘ፣ ስካሩ እስኪለቀው አስተኝተው በሰላም ለቀቁት። በገና ማታ ጓዳ ውስጥ ስንቱን እንዲሁ እንዳገኘሁት አትጠይቁኝ። ቅምሻ በስትሮ ነው፤ ጫፉን ታነክሩና ላዩን በጣት ትደፍናላችሁ፣ የያዘው ጠብታ ይበቃል። ከጥቂት ቅምሻ በኋላ ምላስ ጣፋጩን ከኮምጣጣው መለየት ስለሚያቅተው በመሃል ቁራሽ ድፎ ዳቦ ጣል አድርጉበት፣ በርበሬ ያልነካውን።