ፈረስ ላይ ከመወራረዳችሁ በፊት

እንግሊዝ ሆናችሁ የመሰናክል ፈረስ ግልቢያ ላይ ሁለት ሦስት ፓውንድ ጣል የምታደርጉ፣ ስም እያማረጣችሁ አትድከሙ። መጀመሪያ የሜዳውን ሁኔታ እዩ፤ ጠዋት ጠዋት ይወጣል። ዝናብ ጠጥቶ የጨቀየ ሜዳ በደረቅ መሬት የሚበረውን ፈረስ ጉልበት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ጭቃ ላይ አሸንፎ የሚያውቅ ፈልጉ።

ቀጥሎ በውድድሩ ዝርዝር ላይ ከፈረሱ ስም አጠገብ የተደረደሩት ቁጥርና ፊደል አሉ፤ ቁጥሩ ስንተኛ እንደወጣ ነው። በስተቀኝ ዳር ያለው የቅርቡ ውድድር ውጤት ነው። «ኤፍ» (F) ካያችሁ ወድቋል፣ «ዩ» (U) ጋላቢውን ጥሏል፣ «ፒ» (P) ደግሞ ጋላቢው ራሱ መሀል ላይ አስቁሞታል ማለት ነው። አንድ ኤፍ ብዙም አያስደነግጥም፤ እየመራ ወድቆ ሊሆን ይችላል። ፒ የተደጋገመበትን ግን እኔ በበኩሌ አልነካውም።

ቼልተንሃም የሚባለው የፈረስ ውድድር ሜዳ ላይ ማብቂያው ዳገት ነው። የመጨረሻውን መሰናክል ቀድሞ የዘለለው እዚያ ሲዝል ከኋላ ያለው ደርሶ ይቀማዋል። ስለዚህ እዚያው ሜዳ ላይ ሮጦ በደንብ የጨረሰ ይሻላል።

ኤይንትሪ በሚባለው ሜዳ ላይ የሚካሄደው ግራንድ ናሽናል የተባለው ታዋቂ የመሰናክል ውድድር ግን ሌላ ነገር ነው። እስከ 34 ፈረስ አንድ ላይ ተለቆ 30 መሰናክል ሲዘል ስሌታችሁ ብዙም አያዋጣም፤ ለጨዋታ ያህል ብቻ አስይዙ።