በበሰቃ ሐይቅ ዙሪያ የከርሰ ምድር ውሃ ጨዋማነትን በክሪጊንግ ማሳየት

መተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ስፋቱ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በ2000ዎቹ ግን ከ40 በላይ ሆኗል። የሐይቁ ውሃ ጨዋማ በመሆኑ፣ በሸንኮራ አገዳው ማሳ ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ እስከ የት እንደተበከለ ማወቅ ያስፈልጋል። ጉድጓዶቹ የተራራቁ ስለሆኑ በመካከላቸው ያለው የጨዋማነት መጠን በክሪጊንግ፣ ማለትም በዙሪያው ያሉ ጉድጓዶችን ንባብ እንደ ርቀታቸው እየመዘነ በሚገምት ስሌት፣ ይገመታል፤ ዘዴው ስሙን ያገኘው ከደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ ነው።

ልኬቱ በአንድ ወቅትና ተመሳሳይ ጥልቀት ካላቸው ጉድጓዶች ይሰብሰብ። በጉድጓዱ ውስጥ የቆየው ውሃ ተቀድቶ ከወጣ በኋላ ኤሌክትሪካል ኮንዳክቲቪቲው (ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ፤ ጨው ሲበዛ ይጨምራል) ይለካል። አካባቢው ፍል ውሃ ያለበት በመሆኑ ንባቡ ወደ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልተስተካከለ፣ ሙቀቱ ጨው መስሎ ካርታው ላይ ይወጣል። መገኛዎቹ በዩቲኤም (መገኛን በሜትር የሚገልጽ የካርታ መጋጠሚያ ሥርዓት) ዞን 37 ይመዝገቡ፤ የሐይቁ ንባብ ከጉድጓዶቹ ጋር አይደባለቅ። ጥቂት እጅግ ከፍተኛ ቁጥሮች መረጃውን ካዛቡት ወደ ሎጋሪዝም ይለወጥ።

ሥራው የሚለየው በቫሪዮግራሙ ነው። ይህ ግራፍ በጉድጓዶች መካከል ያለው ርቀት ሲጨምር የንባባቸው ልዩነት እንዴት እንደሚያድግ ያሳያል፤ እድገቱ ከቆመበት ርቀት ወዲያ አንዱ ጉድጓድ ስለ ሌላው የሚነግረው ነገር የለም። በእያንዳንዱ የርቀት ክፍል ቢያንስ 30 ጥንዶች ቢኖሩ ይመረጣል። አካባቢውን የሚያቋርጠው የወንጂ ስምጥ ቀበቶ የመሬት ስንጥቆች በአብዛኛው ወደ ሰሜን ሰሜን ምሥራቅ ስለሚዘረጉና ውሃም በእነሱ በኩል ሊሄድ ስለሚችል፣ ቫሪዮግራሙን በስንጥቆቹ አቅጣጫና በተሻጋሪው ለየብቻ ማስላት ይገባል። ሶፍትዌሩ በራሱ የሚያቀርበውን ሞዴል እንዳለ የተቀበለ ሰው የሚያገኘው ያማረ ሥዕል እንጂ ካርታ አይደለም።

ጨዋማነቱ ከሐይቁ በተራቀ ቁጥር የሚቀንስ ከሆነ ተራው ክሪጊንግ ስለማይበቃ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ያለው ርቀት እንደ ረዳት መረጃ ይግባ። ከዚያ እያንዳንዱ ጉድጓድ በተራ ተነስቶ ከሌሎቹ ይገመት፤ የስህተቶቹ አማካይ ወደ ዜሮ መቅረብ አለበት። ለመስኖ ባለሙያ ደግሞ ጨዋማነቱ 3 ዴሲሲመንስ በሜትር (የኮንዳክቲቪቲ መለኪያ) የማለፉን ዕድል የሚያሳይ ካርታ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የመስኖ ውሃ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ለአጠቃቀም ከባድ ገደብ ያለበት ሲል ይመድበዋል።

ጉድጓድ የሌለው የፈንታሌ እሳተ ገሞራ የላቫ ሜዳ ካርታው ላይ ግምት ሳይሰጠው ባዶ ይተው። የግምት ስህተት ካርታውም ከዋናው ጋር አብሮ ይታተም፤ ስህተቱ ከፍ ያለበት ማሳ ቀጣዩ የመከታተያ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ነው።