ለቡና አገር የርቀት ተማሪ የኦንላይን ትምህርት አዘገጃጀት

በጅማ ዞን በጎማ፣ በማናና በሊሙ ወረዳዎች ተበትነው ለሚሠሩ የግብርና ልማት ሠራተኞች ስለ ቡና አደራረቅ በሙድል (በኦንላይን ማስተማሪያ ሶፍትዌር) ትምህርት ልታዘጋጁ ነው እንበል። ከሁሉ በፊት የለቀማውን ወቅት እዩ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ተማሪው በማድረቂያ አልጋ ላይ ከተሰጣው ቡና አይለይም፤ ያኔ የመስክ ሥራ እንጂ አዲስ ንባብ አትስጡ።

ለጀማሪውም ለነባሩም እንዲስማማ 10 ምርጫ ጥያቄ ያለው የመነሻ ፈተና ይበቃል። በፈተናው ቅንብር ውስጥ እንደ ውጤቱ የሚለያይ አጠቃላይ ግብረ መልስ ጻፉ፤ 8ና ከዚያ በላይ ላመጣ «ወደ መስክ ሥራው እለፍ»፣ ከዚያ በታች ላመጣ «መጀመሪያ ስለ እርጥበት የሚለውን ክፍል ስማ»። አራት አምስት መንገድ ማበጀት ያጓጓል፤ በየዓመቱ የሚያድሰው ግን ያው አንድ መምህር ነው። በጽሑፍ የሚመለስ ጥያቄ እዚህ አታስገቡ። መምህሩ እስኪያርመው ውጤቱ ስለማይወጣ ተማሪው መንገዱን ሳያውቅ ይቀመጣል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሁሉንም ክፍል በውጤት ሲቆልፉ ነው። የተቆለፈ ፋይል አስቀድሞ አይወርድም፤ ቁልፉም የሚከፈተው ውጤቱ ሰርቨር ሲደርስ ነው። አጋሮ ከተማ ገብቶ ኔትወርክ ያገኘ ተማሪ የሳምንቱን ሁሉ ይዞ መመለስ አለበት። ስለዚህ የመጨረሻውን ፈተና ብቻ ቆልፉ። ሌሎቹ ፈተናዎች በስልክ መተግበሪያው ያለ ኔትወርክ እንዲሠሩ ፍቀዱ፤ ለዚህም የሰዓት ገደብ አይኑራቸው፣ ግብረ መልሱም ተማሪው ጨርሶ ካስረከበ በኋላ ይምጣ። የትምህርቱን ማብራሪያ በድምፅ ቅዱ። በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀዳ 10 ደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ገደማ ነው።

የቡድን ሥራ የሚከሽፈው አንዱ ብቻውን ሊጨርሰው ሲችል ነው። አራት አራት አድርጋችሁ መድቧቸው፤ አንድ ቢቀር ሦስት ይተርፋሉ። እያንዳንዱ የአንድ አልጋ መዝገብ ያምጣ፦ አልጋው ላይ የተሰጣው ቡና ንብብር ውፍረት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደተገላበጠ፣ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ እስኪደርስ የፈጀው ቀን። ከዚያ ቡድኑ የትኛው ለምን እንደዘገየ ያስረዳ። ውይይቱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ይሁን፤ አፋን ኦሮሞ የሚቀናው በዚያው ይናገር፣ የሚታረመው ቡድኑ በጽሑፍ የሚያስረክበው ማብራሪያ ነው። 40ውን ለግል መዝገቡ፣ 60ውን ለጋራ ማብራሪያው ስጡ። ማስረከቢያውን ዓርብ ማታ አድርጉት፤ ሐሙስ ለገበያ ጅማ የሚገባ ሰው ይደርስበታል።