የድሮዋ ቪትዝ ሞተር፦ ከማስፈታታችሁ በፊት ራሳችሁ የምታዩት

ቪትዝ ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱም እስካሁን ሲወርዱ ያየኋቸው የቪትዝ ሞተሮች አብዛኞቹ አርጅተው አይደለም የሞቱት፣ ወይ ዘይት አልቆባቸው ነው ወይ ውሃ ፈልቶባቸው ነው፣ ሁለቱም ደሞ ኮፈን ከፍቶ በአምስት ደቂቃ የሚታይ ነገር ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ ያሉትን መኪኖች ነው ይዘን የምንቆየው፣ ስለዚ ያለችውን በደንብ መያዝ ግድ ነው።

የማወራው ስለ መጀመሪያዋ ክብ ቪትዝ ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ስለተመረተችው፣ ባለ 1 ሊትሯ። የሞተሩ ስም ዋን ኤስዜድ ይባላል፣ 997 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቮላ፣ ቪቪቲአይ (የቫልቮላውን መክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክል) ያለው፣ በቺንጊያ (በጎማ ቀበቶ) ሳይሆን በካቴና (በብረት ሰንሰለት) የሚሰራ። ከዛ በኋላ የመጣችው ቪትዝ 1 ሊትሯ ባለ ሶስት ሲሊንደር ነው፣ ሌላ ሞተር ነው፣ እሷ ቆማ ስትሰራ ትንሽ መንቀጥቀጧ ተፈጥሮዋ ነው፣ የሷን ጸባይ ከዚችኛዋ ጋር አታምታቱት። የትኛዋ እንደሆነች ካልለያችሁ ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን እዩ፣ በቀጥታ ከጃፓን የመጣች ከሆነችና ኤስሲፒ10 ብሎ ከጀመረ የምላችሁ 1 ሊትሯ ናት፣ ኤንሲፒ10 ካለ 1.3 ናት።

ከዘይት እንጀምር። ይሄ ሞተር በጠቅላላ የሚይዘው ከ3 ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ዘይት ነው። ትልቅ መኪና ላይ 1 ሊትር ቢጎድል ብዙም ላይሰማው ይችላል፣ ቪትዝ ላይ ግን 1 ሊትር ጎደለ ማለት ሲሶው ሄደ ማለት ነው። እድሜ ሲገፋ ደሞ ዘይት መብላት ይጀምራል፣ ፒስቶኒው ላይ ያለችው ዘይት የምትጠርገው ፋሻ በቆሻሻ ትያያዝና መስራት ታቆማለች፣ የቫልቮላ ጎማዎቹም ይደርቃሉ። ይሄ ብቻውን ሞተር አይገድልም፣ የሚገድለው ባለቤቱ ሳያውቀው ሲቀር ነው። «በ5000 ኪሎ ሜትር ነው የምቀይረው» ብሎ መሀል ላይ አንዴም ሳያይ የሚነዳ ሰው አለ፣ ሊቀይር ሲሄድ 1 ሊትር ብቻ ከስር ይወጣል።

ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ቀይዋን የዘይት መብራት አትመኑ፣ እሷ የምትነግራችሁ የዘይቱን ግፊት እንጂ መጠኑን አይደለም። እኔ ራሴ አንዴ አደባባይ እየዞርኩ ብልጭ ብላ ጠፋች፣ ቀጥ ያለ መንገድ ስይዝ ምንም የለም፣ ቀጣዩ አደባባይ ላይ ደገመችው። ዳር ይዤ ቆሜ ሞተር አጥፍቼ ጥቂት ደቂቃ ጠብቄ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ሳወጣው ጫፉ ደረቅ ነው፣ ዘይት የሚባል አልነካውም። መኪናዋ ስትዞር የቀረችው ዘይት ወደ ጎን ሸሽታ ፓምፑ አየር እየሳበ ነበር። ያን ቀን ቸል ብዬ ቤቴ እስክደርስ ነድቼ ቢሆን ብሮንዚው (ዘንጉ የሚዞርበት ስስ ብረት) ተበልቶ ሞተሩ ይነክስ፣ ማለት ተጣብቆ ይቆም ነበር።

ስለዚ በሳምንት አንዴ፣ ጠዋት ሳትነሳ፣ ሜዳ ቦታ ላይ አቁማችሁ መለኪያውን አውጡ፣ በጨርቅ ጥረጉት፣ መልሳችሁ እስከ ታች አስገቡት፣ እንደገና አውጥታችሁ እዩት። በሁለቱ ምልክቶች መሀል መሆን አለበት። ከላይኛው ምልክት አሳልፋችሁም አትሙሉ። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ ስንት እንደጨመራችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ከቅያሪ እስከ ቅያሪ 1 ሊትር ከጨመራችሁ እየጨመሩ መንዳት ይቻላል፣ ብዙ አመት የሄዱ አሉ፣ በ1000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ከበላች ግን ፋሻ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል። አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ ይቺን ትንሽ ሞተር ረግጣችሁ ስትነዷት ከተማ ውስጥ ከምትበላው በላይ ትበላለች፣ ሩቅ ከሄዳችሁ ሲመለሱ ማየት ነው።

የዘይት አይነት ላይ ብዙ ጋራዥ «አርጅታለች ወፍራም ያስፈልጋታል» ብሎ 20 ደብሊው 50 ይሞላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ይሄ ሞተር የተሰራው ለቀጭን ዘይት ነው፣ 5 ደብሊው 30 ነው የሚታዘዝለት፣ ካቴናውን የሚወጥረውም ቪቪቲአዩን የሚያዞረውም በቀጭን ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ነው፣ በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት እዛ እስኪደርስ ሞተሩ ደርቆ ይሰራል። ዘይት የምትበላ ከሆነች 10 ደብሊው 40 ድረስ ብትወጡ ይገባኛል፣ ከዛ በላይ ግን ጭሱን ለጊዜው ከመደበቅ ውጪ ጥቅሙ አይታየኝም።

ካቴናው ራሱ ከዘይቱ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ቺንጊያ ስላልሆነ በዚህ ኪሎ ሜትር ቀይሩ የሚል ሰው የለም፣ ሰው ደሞ እድሜ ልክ የሚኖር ይመስለዋል፣ ግን ዘይት እየጎደለና እየቆሸሸ ከተነዳ ይረዝማል፣ ተከትሎ የሚሄድበት ፕላስቲክም ይበላል። ጥርስ ከዘለለ ቫልቮላና ፒስቶኒ ሊጋጩ ይችላሉ፣ ያኔ ወጪው ሌላ ነው። ምልክቱ ጠዋት የመጀመሪያው አስነሳስ ላይ ነው የሚሰማው። የዳይናሞው ቺንጊያ ባለበት በኩል፣ ካቴናውም እዛው ጎን ስለሆነ፣ ጆሯችሁን አድርጉና ሌላ ሰው ያስነሳው፣ «ቸርርር» ብሎ ወዲያው ዝም ካለ ገና ነው፣ ሁለት ሶስት ሰከንድ ከቆየ ወይ ሞተሩ ሞቆም ከቀጠለ ካቴናውን ከነመወጠሪያው ከነመሄጃው አንድ ላይ ቀይሩት፣ ካቴናውን ብቻ ቀይሮ አሮጌውን መወጠሪያ መተው ገንዘብ ማባከን ነው።

ለምትገዙ ሰዎች እዚ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኔን ስገዛ ደላላው «መኪናዋ ዝግጁ ናት» ብሎ ጠራኝ፣ ደርሼ ኮፈኑ ላይ መዳፌን ሳደርግ ትኩስ ነው፣ ቀድሞ አስነስቶ አሙቋታል። ምንም ሳልል ተመለስኩና በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት ሳልደውል ሄድኩ፣ ባለቤቱ እንደሆነ ጨዋ ሰው ነው ቁልፉን ሰጠኝ፣ ሲነሳ ያ ድምጽ አለ። ገዛኋት፣ ግን የካቴናው ዋጋ ተቀንሶልኝ። የቀዘቀዘች መኪና ካላሳዩዋችሁ አትግዙ በቃ።

አሁን ወደ ውሃው፣ እዚ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) በከንቱ የሚወርደው እዚ ጋ ነው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ክዳን በሌለው ድስት ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ ባህር ዳርቻ እንዳሉት አገሮች 100 አይደርስም፣ ባቄላ ያለ ፕሬዠር ኩከር አልበስል የሚለን ለዛ ነው። የራዲያተር ክዳን ደሞ ልክ የፕሬዠር ኩከሩ ክዳን ማለት ነው፣ አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። የሞተሩ ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው) መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ላይ ነው፣ ቬንትሌተሩ (ማራገቢያው) የሚነሳው ደሞ ከ90 በላይ። እንግዲህ የክዳኑ ጎማ ሞቶ ግፊት ካልያዘ ቬንትሌተሩ ገና ሳይነሳ ውሃው ሊፈላ ይችላል ማለት ነው፣ ሞተሩ ምንም ሳይሆን።

እኔ ላይ የደረሰው ይሄው ነው። ዳገት ስወጣ ውሃ ወደ ትርፍ ውሃ መያዣው እየገፋ ይፈስ ነበር፣ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት «ጉርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ቴስታታው ይውረድ» አሉኝ፣ ጉርኒሲዮን ከቴስታታው ስር ያለው ማሸጊያ ነው። ቤት ወስጄ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ገልብጬ አየሁት፣ የውስጡ ጎማ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቆ አንድ ጎኑ ተነስቷል፣ ስፕሪንጉን በጣቴ ስጫነው ያለምንም ጉልበት ገባ። አዲስ ክዳን ገዛሁ፣ በቃ፣ ከዛ በኋላ አንዴም አልፈላችም።

ግን ሁሌ ክዳን ነው እያልኩ አይደለም፣ ጉርኒሲዮን መቃጠሉን የምታዩበት መንገድ አለ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፣ አስነሱ፣ ውሃው ላይ ያለማቋረጥ አረፋ የሚወጣ ከሆነ፣ የዘይቱ ክዳን ስር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከማርሚታ ነጭ ጭስ አልቆም ካለ፣ ውሃው ደሞ የትም ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ያኔ ቴስታታው ይውረድ። ወርዶም ቀጥ ማለቱ ሳይለካ እንዳይመለስ። በአጭር ርቀት የምትነዱ ሰዎች የዘይቱ ክዳን ስር ያለች ትንሽ ነጭ ነገር ከእርጥበት ሊሆን ስለሚችል እሷን ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ።

ደሞ የቧንቧ ውሃ ብቻ አትሙሉ። የቴስታታው አልሙኒየም ይበላል፣ ራዲያተሩ ውስጥ ዝገትና ነጭ ድንጋይ ይሰራል፣ የውሃ ፓምፑ ማፍሰስ ይጀምራል። ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ፣ ሌላ ምንም አይደለም። ብዙዎቹ ቪትዞች የሙቀት ጌጅ የላቸውም፣ መብራት ብቻ ነው ያላቸው፣ ቀይዋ በርታ ስታዩ ሞተሩ ቀድሞ ሞቋል። አባይ በረሃን ከጎሃ ጽዮን ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ ቀይዋ ከበራች ኤሲውን አጥፉ፣ የሙቀቱን አየር ወደ ውስጥ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ቦታ እንዳገኛችሁ ቁሙና አጥፉ። ክዳኑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አትንኩት፣ የፈላ ውሃ ፊት ላይ ነው የሚረጨው። ቀዝቃዛ ውሃም በግለቱ አትድፉበት።

መንቀጥቀጥና ጉልበት ማጣት ሲመጣ መጀመሪያ ልባችሁ ሞተር ላይ አይሂድ። እያንዳንዱ ካንዴላ (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የራሱ ኮይል አለ፣ አራት ናቸው፣ ሲያረጁ አንዱ ይሞትና በሶስት ሲሊንደር ትሄዳለች፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል፣ ቤንዚን ይሸታል። ሞተሩን አጥፉ፣ የአንዱን ኮይል ሶኬት ንቀሉ (ፕላስቲኩ ስላረጀ በቀስታ፣ ይሰበራል)፣ አስነሱ። ከበፊቱ የባሰ ከተንቀጠቀጠች ያ ሲሊንደር ደህና ነበር፣ አጥፍታችሁ መልሱና ቀጣዩን ሞክሩ፣ ምንም ለውጥ ያላመጣው እሱ ነው የሞተው። ከዛ በ10 ቁልፍ ፈታችሁ ያንን ኮይል ከጎረቤቱ ጋር አቀያይሩት፣ ችግሩ አብሮት ከሄደ ኮይሉ ነው፣ እዛው ከቀረ ካንዴላውን ቀይሩ፣ አሁንም እዛው ከሆነ ኢንጄክተር ወይ ኮምፕሬሽን ነው። ኮይሉን ስታወጡ እግሩ በዘይት ከረሰረሰ የላይኛው ክዳን ጎማ ያፈስሳል ማለት ነው፣ እሱን ሳትቀይሩ አዲስ ኮይል ብትገዙ እሱም ይሞታል። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ አስመሳዩ ብዙ ስለሆነ ሻጩ ካልሰራ የሚመልስላችሁ ሰው ይሁን።

ሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከወጣ ከወረደ ወይ መብራት ላይ ስትቆሙ የምትጠፋ ከሆነ አየር የሚገባበትን ቢራቢሮ በካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ አጽዱት፣ ጥቁር ቆሻሻ ነው የሚይዘው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ይድናል። እንጦጦ ዳገት ላይ «ጉልበት የላትም» ለምትሉ ደሞ፣ እዚ ከፍታ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ሞተሩም ከጉልበቱ ወደ ሩብ ያጣል፣ 70 ፈረስ ጉልበት የነበረው 50 ምናምን ይሆናል፣ ያ በሽታ አይደለም።

ሞተሩ ይፈታ ወይስ አይፈታ የሚለውን በኮምፕሬሽን መለኪያ እንጂ በግምት አትወስኑ። አራቱንም ካንዴላ አውጥተው፣ ነዳጅ ረግጠው፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይለኩ። ቁጥሩ መጽሐፍ ላይ ካለው ዝቅ ቢል አትደንግጡ፣ ከፍታው ስለሚቀንሰው ነው፣ ዋናው አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸው ነው፣ ልዩነታቸው ከ1 ባር ባይበልጥ ጥሩ ነው። አንዱ ዝቅ ካለ ትንሽ ዘይት በዛ ቀዳዳ ጨምረው ይድገሙት፣ ከፍ ካለ ፋሻ ነው፣ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ ነው። ይሄንን ሳያደርግ «የዱባይ ሞተር እናስገባ» የሚላችሁን አትስሙ፣ የመጣውም ያው ያረጀ ሞተር ነው። የግድ ከሆነ ግን እሱንም ከመግጠማችሁ በፊት ኮምፕሬሽኑን አስለኩት፣ የላይኛውን ክዳን አስከፍታችሁ ካቴናውንና ውስጡ ጥቁር ጭቃ መያዝ አለመያዙን እዩ፣ የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ካለው ስለሚለይ ደረሰኝና የጉምሩክ ወረቀቱን ሳትቀበሉ ብር አትክፈሉ፣ ለቦሎ ስትሄዱ ይጠይቋችኋል።