የአሮጌ ቡፌና ቁም ሣጥን ችግሮች፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

በጎንደር ቤቶች ውስጥ ለጥገና የሚቀርቡ አሮጌ ቡፌዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የአገር አናጺ ከዋንዛ፣ አንዳንዴም ከጥድ ወይም ከዝግባ በሙሉ ሳንቃ የሠራው ነው። ሁለተኛው ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ጣልያን ከተማዋን ይዞ በነበረበት ዘመን የገባው፣ ወይም በዚያ አምሳያ በኋላ የተሠራው፣ ላዩ በስስ የእንጨት ልባስ የተሸፈነ ነው። የምጽፈው ስለ እነዚህ ነው። በቺፕውድና በኤምዲኤፍ፣ ማለትም ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ በተጨመቀ ሳንቃ፣ የተሠራ ዕቃ አንዴ ውኃ ከጠጣ የሚጠገን ነገር ስለሌለው እዚህ ቦታ አላጠፋበትም። ዕቃው ባዶ መደረጉን፣ ብሎኖቹ መጥበቃቸውንና አራቱም እግሮች ወለሉን መንካታቸውን አይታችኋል ብዬ እጀምራለሁ።

በክረምት የሚነክስ መሳቢያ

ምልክቱ፦ በበጋ ያለ ችግር ይወጣና ይገባ የነበረው መሳቢያ ከሐምሌ ጀምሮ ይከብዳል፣ በነሐሴ ጭራሽ አልነቃነቅ ይላል። ለጥገና ከምጠራባቸው ጉዳዮች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ ከሁሉም በላይ በስህተት የሚጠገነውም ይኸው ነው።

ምክንያቱ፦ እንጨት የአየሩን እርጥበት ሲወስድ በርዝመቱ የሚጨምረው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ የሚያብጠው በስፋቱ ነው። የመሳቢያ ጎን የሚሠራበት ሳንቃ ደግሞ የእንጨቱ ክር (በርዝመቱ የሚሄደው መስመር) ከፊት ወደ ኋላ እንዲሄድ ተደርጎ ስለሚቆረጥ፣ የሳንቃው ስፋት ማለት የመሳቢያው ቁመት ማለት ነው። ስለዚህ መሳቢያ በክረምት የሚያድገው ወደ ላይ እንጂ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አይደለም። 20 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎን በበጋና በክረምት መካከል እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሊለዋወጥ ይችላል፤ ከላዩ የተተወለት ክፍተት ከዚያ ካነሰ መንከሱ አይቀርም።

ይህን ያላጤነ አናጺ መላጊያውን አንሥቶ የመሳቢያውን ሁለት ጎኖች ከውጭ ይልጋል። ባልተነካበት ቦታ ስለላገ መሳቢያው አሁንም ይነክሳል፤ ስለዚህ ደግሞ ይልጋል። በአራዳ አካባቢ ካለ አንድ ቤት በጥምቀት ሰሞን የተጠራሁት ለዚህ ነበር። የዋንዛ ቡፌ ነው፤ አራቱም መሳቢያዎች በነሐሴ በዚህ ዓይነት ተልገዋል። በጥር አየሩ ሲደርቅ መሳቢያዎቹ ወደ ጎን መዋለል ጀመሩ፣ ቤቱ በእንግዳ በተሞላበት ቀን አንደኛው ማንኪያና ሹካውን እንደያዘ ተጣሞ ወጥቶ ወለል ላይ ወደቀ። አንሥቼ ሳየው በማዕዘኑ ላይ የፊቱን ሳንቃ ከጎኑ ጋር የሚያቆላልፉት ጥርሶች ከመላጊያው የተነሣ ከግማሽ በታች ሳስተዋል፤ አንደኛው በጣት ሲነካ ተሰበረ። ድርቀቱም እብጠቱም በየዓመቱ ይመለሳል፤ በመላጊያ የወጣ እንጨት ግን አይመለስም። የቡፌው ባለቤት ለሁለት መሳቢያዎች አዲስ ጎን ለማስገባት የከፈሉት፣ ለመላጊያው ከከፈሉት ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

መፍትሄው፦ በመጀመሪያ መሳቢያውን ሳትጎዱ አውጡት። እጀታውን በገመድ አሥሮ መጎተት እጀታውን ወይም የፊቱን ሳንቃ ከመንቀል በቀር ሌላ ውጤት የለውም። በላዩ ያለው መሳቢያ የሚወጣ ከሆነ እርሱን አውጥታችሁ በክፍተቱ እጃችሁን አስገቡና የነከሰውን ከውስጥ ወደ ፊት ግፉት። ካልሆነ የቡፌውን የጀርባ ሳንቃ ፍቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀጫጭን ሚስማር ብቻ የተያዘ ነው። ከዚያ ከኋላ ሁለቱንም ጎን በእኩል ኃይል ግፉ።

መሳቢያው ከወጣ በኋላ የጎኖቹን የላይ ጠርዝ በጠመኔ ቀቡትና ወደ ቦታው መልሳችሁ እስኪነክስ አስገቡት። ስታወጡት ጠመኔው የጠፋበት ቦታ የሚነካበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይም ቢሆን ገና መላጊያ አታንሡ። ቡፌው ከውጭ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ከሆነ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፤ የድንጋይ ግድግዳ በክረምት የያዘውን እርጥበት በቀጥታ ለጀርባ ሳንቃው ያስተላልፋል። መሳቢያዎቹን አውጥታችሁ አየር በሚዘዋወርበት ጥላ ውስጥ ለጥቂት ቀናት አቁሟቸው። ጸሐይ ላይ አታስጡ፤ አንዱ ፊት ቀድሞ ሲደርቅ ሳንቃው ይጣመማል። ከሰል ከቡፌው ሥር ወይም አጠገቡ አታንድዱ፤ ልባሱ ይላቀቃል፣ ቫርኒሹ ይነፋል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ደግሞ ጭሱ ሰው ይገድላል።

ሲደርቅ የሚንሸራተትባቸውን ጠርዞች በሰም እሹ። በጎንደር ለዚህ ከጧፍ የሚሻል ነገር አላውቅም፤ እውነተኛ የማር ሰም ከሆነ ጥቂት ጊዜ መላልሶ ማሸት ብቻ ይበቃል። ዘይት ግን አይቀባም። አዘዞ ያሉ አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ለስልሶ እንዲሄድልኝ ብዬ በየሳምንቱ እቀባው ነበር» ብለው ያሳዩኝ መሳቢያ የተቀባው የኑግ ዘይት ነበር። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየወፈረ የሚደርቅ ዘይት ነው፤ ከአቧራ ጋር ተዳምሮ ቡናማ ሙጫ ሆኗል፣ መሳቢያውንና የሚንሸራተትበትን ሐዲድም አጣብቋቸዋል። እርሱን በአኳራጅ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) በተነከረ ጨርቅ እያራሱ በእንጨት ቁራጭ መፋቅ ግማሽ ቀን ፈጀ። ቅቤም፣ የመኪና ዘይትም አቧራ ስለሚይዙ አይቀቡም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ በሚቀጥለው ነሐሴ እንደገና ከነከሰ፣ ያኔ በጠመኔ የታየውን የላይ ጠርዝ ብቻ፣ ከጫፍ ወደ መሀል፣ እንጨቱ ባበጠበት ወቅት በጥቂቱ ላጉ፤ እየላጋችሁ እያስገባችሁ ሞክሩ። የተላገውን ጠርዝ በስሱ ጎማላካ (ሼላክ በሚባለው፣ በአልኮል በሚሟሟ የእንጨት ቅብ) ዝጉት፤ ክፍት የተተወ እንጨት እርጥበት የሚጠጣው ቀድሞ ነው።

ክረምት ከበጋ የሚያስቸግር መሳቢያ

መሳቢያው ሲወጣ አፍንጫውን የሚደፋና ከሥሩ ያለውን አግዳሚ እየፈገፈገ የሚጭር ከሆነ ጉዳዩ እርጥበት አይደለም። የፊቱን በእጃችሁ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሳቡት፤ በዚህ ጊዜ ቀለል ካለ የተበላው ሐዲዱ ነው። ለዓመታት የተንሸራተተበት የጎን ጠርዝና ከሥሩ ያለው ሐዲድ ይፋፋቃሉ፤ ሐዲዱ ላይ በጣት የሚዳሰስ ቦይ ይወጣል፣ የሚስማር ራሶችም ከቦዩ በላይ ያበራሉ። የተበላውን በመሮ ደልድላችሁ ስስ የዋንዛ ወይም የወይራ ቁራጭ በኮላ ለጥፉበት፣ በሞርሳ ይዛችሁ እስኪደርቅ ተዉት፣ ከዚያ ሰም። ፕላስቲክ ቁራጭ በሚስማር መምታት፣ ቆርቆሮ ማንጠፍ፣ ካርቶን መጎዝጎዝ ሁሉንም አይቻለሁ፤ አንዱም ዓመት አልዞረም።

በሩ የማይገጥም ቡፌ

እግሮቹ መሬት መንካታቸው ታይቷል ብያለሁ፤ ቢሆንም በር አይዘጋም ተብዬ ስሄድ ከአንዱ እግር ሥር አሁንም የታጠፈ ካርቶን አገኛለሁ። ካርቶን ይተኛል፤ የእንጨት ሽብልቅ አድርጉ። ወለሉ ተስተካክሎም በሩ ከወረደ የላይኛው ማጠፊያ ብሎኖች ቀዳዳቸውን አስፍተዋል ማለት ነው። ቀዳዳውን በትንሽ የእንጨት ካስማና በኮላ ሙሉት፣ ሲደርቅ በትክክለኛው ልክ ብሱት፣ የነበረውን ብሎን መልሱ። ለጂፕሰም የሚሠራውን ጥቁር ብሎን በአሮጌ ቡፌ ላይ የሚያስገባ ሰው ሲያጋጥማችሁ አስቁሙት፤ ብሎኑ ተሰባሪ ነው፣ ሲሰበር ግማሹ ውስጥ ይቀራል።

ያበጠ ወይም የተላቀቀ ልባስ

በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ከሥሩ ሙጫው ለቋል። አሮጌ ዕቃ በብዛት የተለጠፈው በቆዳና በአጥንት ሙጫ ነው፤ እርሱ ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት እንደገና ይለሰልሳል። በትንሹ የረጠበ ጨርቅ አንጥፋችሁ ለብ ባለ የልብስ ካውያ ለጥቂት ሰከንዶች ጫኑት፣ ወዲያው በጠፍጣፋ እንጨትና በክብደት አሳድሩት። ካልያዘ ሙጫው ሌላ ዓይነት ነው፤ በክሩ አቅጣጫ በስለታም ምላጭ ሰንጥቃችሁ ኮላ አስገቡ። በኤሌክትሪክ መፈግፈጊያ ልባስ አይነካም፤ የዚያ ዘመን ልባስ በአብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ያንሳል፣ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ተራ ጣውላ ነው።

የጀበናና የሲኒ ክብ

ነጭ ክብ ማለት እርጥበቱ ከማጠናቀቂያ ቅቡ አላለፈም ማለት ነው። ቅቡ ምን እንደሆነ በማይታይ ቦታ ሞክሩ፦ አልኮል ካለሰለሰው ጎማላካ ነው፤ አልኮል ሳይነካው ቲነር ካለሰለሰው ሌላ ላክ ነው። ጎማላካ ከሆነ አልኮል ጠብ የተደረገበት ጨርቅ በፍጥነት አንድ ሁለቴ አሳልፉበት፤ ከቆማችሁ ቅቡ ይነሣል። ጥቁር ክብ ከሆነ ውኃው እንጨቱ ድረስ ገብቷል፤ ቅቡን አንሥቶ በኦክሳሊክ አሲድ ማንጣት ይጠይቃል፣ መርዝ ስለሆነ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይሠራበትም፣ ልጆች ባሉበት ቤት ውስጥም አይቀመጥም።

ነቀዝ

ቀዳዳ መኖሩ ብቻ ነቀዝ አለ ማለት አይደለም። ከሥሩ ጥቁር ወረቀት አንጥፋችሁ ሳንቃውን በመዶሻ እጀታ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ነጣ ያለ ዱቄት ከረገፈና በሳምንቱ እንደገና ከታየ ነቀዙ በሕይወት አለ፤ የእንጨት ነቀዝ መድኃኒት በመርፌ በየቀዳዳው ይወጋል። ነጭ ጋዝ የሚያርከፈክፉ ሰዎች አሉ፤ ጋዙ ይተናል፣ ነቀዙ ይቀራል፣ ቤቱ ለእሳት ይጋለጣል። ዱቄት ካልረገፈ ቀዳዳውን ቀለም ባለው ሰም ደፍኑ።

ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥሙ

ከእግሩ ወደ ላይ የአፈር መስመር የወጣበት ዕቃ ምስጥ ይዞታል፤ ከዕቃው በፊት ወለሉ ይታከም። ቁልፉ የማይዞር ከሆነ የመጻፊያ እርሳስ ዱቄት (ግራፋይት) እንጂ ዘይት አታስገቡ። የመስተዋቱ ጀርባ ጠቃጠቆ ካወጣ እንዳለ ተዉት። አሮጌ የዘይት ቀለም የተቀባ ዕቃ ሊድ የሚባል መርዛማ ብረት ያለበት ቀለም ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስባችሁ አስወግዱ።