የሞሮኮን የአይሁድ ቅርስ በቡድን ለመጎብኘት እንዴት እንዘጋጅ?

አይሁዶች በሞሮኮ ምድር 2,000 ዓመት ገደማ ኖረዋል። በ1948 ቁጥራቸው ወደ 250,000 ይጠጋ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ሺህ ሲሆኑ አብዛኞቹ የሚኖሩት ካዛብላንካ ነው። ሰዎቹ ቢሄዱም ምኩራቦቻቸው፣ መቃብሮቻቸውና ሜላህ የሚባሉት ሰፈሮቻቸው አሉ። በ2011 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም የዕብራውያንን ባህል የአገሪቱን ማንነት ካበለጸጉት ምንጮች አንዱ አድርጎ በመግቢያው ላይ አስፍሮታል።

ይህን ቅርስ ከቤተሰብ፣ ከትምህርት ቤት ወይም ከምኩራብ ማኅበር ጋር ሆኖ ማየት ይቻላል። ነገር ግን በሩ ሁልጊዜ ተከፍቶ አይጠብቅም። ከትልልቆቹ ከተሞች ወጣ ካላችሁ ብዙው ቦታ የሚከፈተው ጠባቂው ሲገኝ ነው። ጠባቂው ደግሞ ብዙ ጊዜ አደራውን ከአባቱ የተረከበ ሙስሊም ጎረቤት ነው። ስለዚህ ከአውሮፕላን ትኬትም ከሆቴልም በፊት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» የሚለው ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

1. መጀመሪያ ለምን እንደምትሄዱ ተስማሙ

የአያቱን መቃብር የሚፈልግ ሰው፣ በጻድቃን መቃብር ላይ መጸለይ የሚፈልግና ታሪክ ለመማር የሚሄድ ተማሪ አንድ አውቶቡስ ውስጥ ሊቀመጡ ይችላሉ። አንድ ፕሮግራም ግን ሦስቱንም እኩል አያረካም። ዋናውን ዓላማ አንድ አድርጉና ለሌላው ትርፍ ሰዓት ተዉለት። የቤተሰቡን መቃብር የሚፈልግ ካለ የሟቹን ስም በዕብራይስጥና በፈረንሳይኛ አጻጻፍ፣ የአባቱን ስም፣ ከተማውንና የሞተበትን ዓመት አስቀድሞ ይላክላችሁ። እዚያ ደርሶ መፈለግ የቡድኑን ቀን ይበላል።

የሰው ብዛትም እዚሁ ይወሰናል። የሜላህ መንገዶች ጠባብ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ምኩራቦች በአንድ ሰው ቤት ፎቅ ላይ ያሉ ትንንሽ ክፍሎች ናቸው። ከሃያ ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፍላችሁ ግቡ። ሙሉ የማኅበር ጸሎት ማድረስ የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ በሃይማኖቱ ሥርዓት አሥር ወንዶች እንደሚያስፈልጉ አትርሱ።

2. መስመሩን አሳጥሩት

ለመጀመሪያ ጉዞ ካዛብላንካ፣ ፌዝ፣ ማራኬሽና ኤሳዊራ ይበቃሉ። ስምንት ወይም ዘጠኝ ቀን መድቡላቸው። ከካዛብላንካ ፌዝ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከፌዝ ማራኬሽ ግን ሙሉ ቀን ስለሚወስድ በዚያ ቀን ሌላ ጉብኝት አታስገቡ። ኤሳዊራ ባቡር የለውም፤ ከማራኬሽ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ነው። ታንጂርና ቴቱዋን በስፔን አይሁዶች ታሪክ የበለጸጉ ከተሞች በመሆናቸው ለብቻቸው ሌላ ጉዞ ይገባቸዋል። በጥድፊያ መሐል ባትሸጉጧቸው ይሻላል።

3. ሁለት የቀን መቁጠሪያ ጎን ለጎን ዘርጉ

አንዱ የአይሁድ፣ ሌላው የእስልምና ነው። ቅዳሜ ሰንበት በመሆኑ ምኩራብ የጸሎት ቦታ እንጂ የጉብኝት ቦታ አይደለም፤ የካዛብላንካው ሙዚየምም ዝግ ነው። ዓርብ ቀትር ላይ የጁምዓ ሰላት ስላለ ጠባቂውም ሾፌሩም መስገድ ይፈልጋሉ። በዚያ ሰዓት ምሳ ብሉ። ሰንበትን የሚጠብቅ ቡድን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካዛብላንካ ወይም ማራኬሽ እንዲገኝ አድርጉ፤ የሚጸለይበት ምኩራብና ኮሸር (በአይሁድ ሥርዓት የተፈቀደ) ምግብ በእነዚህ ከተሞች ይገኛል።

በረመዳን መሄድ ይቻላል፤ ነገር ግን የሥራ ሰዓት ያጥራል፣ የአገሪቱ ሰዓትም ለወሩ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ይመለሳል። ከመግሪብ (ጾም ከሚፈታበት የጀንበር መጥለቂያ ሰላት) በፊት ባለው ሰዓት ጠባቂን ማስቸገር ነውር ነው።

ጉዞውን ከሂሉላ ጋር ማገጣጠም ከቻላችሁ ግን አያምልጣችሁ። ሂሉላ የአንድ ጻድቅ ራቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) ሙት ዓመት መታሰቢያ ነው። ከእስራኤል፣ ከፈረንሳይና ከካናዳ የሞሮኮ ተወላጆች መጥተው ሻማ ያበራሉ፣ ይዘምራሉ፣ አብረው ይበላሉ። በላግ ባኦሜር በዓል፣ በአብዛኛው በግንቦት ወር፣ ኡዛን ከተማ አጠገብ አስጄን በሚባለው ቦታ የራቢ አምራም ቤን ዲዋን ይከበራል። የራቢ ሃይም ፒንቶ ደግሞ ከዕብራውያን አዲስ ዓመት ጥቂት ቀናት በፊት ኤሳዊራ ላይ ነው። የመኝታ ክፍል ከወራት በፊት ያዙ። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ከፋሲካ ማግስት የሚከበረውን ሚሙናን ከሞሮኮ ጎረቤቶቻችሁ ጋር ቀምሳችሁት ይሆናል፤ ሂሉላ የዚያው ማኅበረሰብ ሌላው ታላቅ ደስታ ነው።

4. ቁልፉን የያዘውን ሰው አግኙ

ከሁለት ወር በፊት ጀምሩ። በትልልቆቹ ከተሞች የአይሁድ ማኅበረሰብ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ቀኑን፣ የሰዉን ብዛትና የቡድኑን ማንነት ጽፋችሁ ፈቃድ ጠይቁ። በፈረንሳይኛ ብትጽፉ ይመረጣል። ቀጥሎ መንግሥት ፈቃድ የሰጠው አስጎብኚ ቅጠሩ። ፈቃዱን በባጅ መልክ አንገቱ ላይ ያደርገዋል። አስጎብኚውን ስትመርጡ «የሜላሁን ታሪክ ታውቃለህ?» ማለት አይበቃም፤ ሁሉም አዎ ይላል። «የመቃብሩን ጠባቂ ታውቀዋለህ? ዛሬ ልትደውልለት ትችላለህ?» በሉት። ወዲያው ስልክ የሚያነሳው እሱ የእናንተ ሰው ነው።

ጠባቂውን ስታገኙት አትሩጡ። ከነቤተሰቡ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚኖር ሊሆን ይችላል። ሰላምታውን ጨርሱ፣ ሻይ ከቀረበ ጠጡ፣ ማን የት እንደተቀበረ እሱ ይንገራችሁ። ማንበብ የማይችለውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ ያለበትን ድንጋይ በቤተሰቡ ስም ለይቶ የሚያሳይ ጠባቂ ያጋጥማል። ቡድናችሁ ከአገሩ የሚወስደው ትልቁ ትምህርት ይኸው ይመስለኛል፤ የሌላውን ሃይማኖት ሙታን በአደራ የሚጠብቅ ሰው። ለእሱ የሚሰጠው ገንዘብ ከቡድኑ መዋጮ አስቀድሞ ተሰብስቦ፣ በአንድ ሰው እጅ፣ በክብር ይሰጥ። ሁሉም ኪሱን እየዳበሰ ሳንቲም ሲያቀብለው ያሳፍራል። ለምኩራቡ የሚሰጠው ደግሞ በር ላይ ባለው የምጽዋት ሣጥን ይገባል።

5. ወረቀት፣ ገንዘብ፣ ምግብ

በአንድ ቡድን ውስጥ የተለያየ ፓስፖርት ካለ ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ ለ90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ግን ቪዛ ያስፈልገዋል። የእያንዳንዱን ሰው ፓስፖርት ቅጂ ሰብስባችሁ ቆንስላውን ጠይቁ፤ ትኬቱ ከዚያ በኋላ ይቆረጣል። ዲርሃም ከአገሩ ውጪ በቀላሉ የማይገኝ ገንዘብ ስለሆነ እዚያው ደርሳችሁ መንዝሩ፤ ትንንሽ ኖቶችም ያዙ።

ኮሸር ለሚበሉ ካዛብላንካና ማራኬሽ ምግብ ቤቶች አሏቸው። ፌዝና ኤሳዊራ ላይ ግን ምግቡ አስቀድሞ ታዝዞ መጓዝ አለበት። በአንድ ገበታ ኮሸር፣ ሐላልና ጾም የሚበሉ ሰዎች ካሉ አትክልት ያስታርቃቸዋል። ቅዳሜ ምሳ ላይ ዳፊና ከተገኘ እንዳያመልጣችሁ። ሥጋ፣ ሽምብራ፣ ድንችና እንቁላል ዓርብ ተጥዶ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲበስል ያደረ ነው።

6. ስትገቡ

በምኩራብም በመቃብርም ወንዶች ራሳቸውን ይሸፍናሉ፤ ሁሉም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበስ። ከካህናት ዘር የሆኑ አይሁዶች መቃብር ውስጥ ስለማይገቡ በር ላይ የሚቀመጡበት ጥላ ይዘጋጅላቸው። ፎቶ ከማንሳት በፊት አስፈቅዱ፤ ፖሊስና ወታደር ደግሞ ፈጽሞ አታንሱ። በግንቦት 2003 በካዛብላንካ የአይሁድ ማኅበረሰብ ማዕከል ጭምር በቦምብ ከተጠቃ ወዲህ በሮቹ ላይ ጥበቃ አለ። ፖሊስ ቡድናችሁን ተከትሎ ቢሄድ አትደንግጡ፤ ሥራው ነው። መስጊዶች ሙስሊም ላልሆነ ሰው በአብዛኛው አይከፈቱም፤ በካዛብላንካ ያለው የሐሰን ሁለተኛው ታላቅ መስጊድ ግን በአስጎብኚ ይታያል። ቡድኑ ይህንንም ቢያይ እመክራለሁ፤ አይሁዶቹ የኖሩት ከማን ጋር እንደሆነ የሚታየው እዚህም ነው።

7. በየከተማው ምን ላይ ትቆማላችሁ

ፌዝ ላይ ረጅም ጊዜ ስጡ። በ1438 የተቋቋመው ሜላህ ከንጉሡ ቤተ መንግሥት ጎን ያለ ሲሆን በሞሮኮ የመጀመሪያው ነው። ቤቶቹን ቀና ብላችሁ እዩ። የሙስሊሙ ቤት ፊቱን ወደ ውስጥ ግቢው ሲያዞር የአይሁዱ ቤት የእንጨት ሰገነቱን ወደ መንገድ ያወጣል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የኢብን ዳናን ምኩራብ ጣሪያ ላይ ስትወጡ በኖራ የነጡት መቃብሮች ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ከእነሱ መካከል የሶሊካ ሐቹኤል መቃብር አለ። ታንጂር የተወለደችው ይህች ወጣት እስልምናን ተቀበልሽ ተብላ ስትከሰስ አይሁድ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ አይሁድ ሆኜ እሞታለሁ በማለቷ በ1834 ፌዝ ላይ ተሰየፈች። ዛሬ አይሁድም ሙስሊምም መቃብሯን ያከብራሉ።

እዚህ ላይ የቡድን መሪው ታሪኩን ከሁለቱም በኩል መናገር አለበት። አብሮ መኖሩን ብቻ የሚያወራ መሪ ይዋሻል፤ ስደቱን ብቻ የሚያወራም እንዲሁ። በሚያዝያ 1912 ወታደሮች አምፀው የፌዝን ሜላህ ሲዘርፉና ሲገድሉ ሱልጣኑ በራቸውን ከፍተው ሺዎች በቤተ መንግሥቱ የአራዊት ግቢ ተጠልለዋል። ከናዚ ጀርመን ጋር የተባበረውና ሞሮኮን በበላይነት ይገዛ የነበረው የፈረንሳይ ቪሺ መንግሥት ፀረ አይሁድ ሕግ በ1940 ሲመጣ ሱልጣን መሐመድ አምስተኛ ለአይሁድ ዜጎቻቸው በመቆርቆራቸው ይታወሳሉ፤ ያም ሆኖ ሕጉ ብዙዎችን ከሥራና ከትምህርት ገበታ አፈናቅሏል። በሰኔ 1948 በኡጅዳና በጀራዳ ከ40 በላይ አይሁዶች ተገደሉ። ከ1961 እስከ 1964 ባለው ጊዜ ደግሞ ከ80,000 በላይ ሰው አገሩን ለቀቀ። ይህን በምሽት፣ ሆቴል ውስጥ፣ ሁሉም በተቀመጠበት ተነጋገሩበት። ወላጆቹ ከዚያ የወጡ ሰው በመካከላችሁ ካለ ቅድሚያ ለእሱ ስጡት።

ማራኬሽ ላይ ከስፔን የተባረሩት አይሁዶች የመሠረቱትን ስላት አልአዛማ ምኩራብ በጠዋት እዩ። በመስከረም 2023 የመሬት መንቀጥቀጥ ሜላሁ ስለተጎዳ የትኛው ቦታ ክፍት እንደሆነ አስጎብኚው በዋዜማው ይደውል። ኤሳዊራ ግን ሁለት ሌሊት ይገባዋል። ሱልጣን መሐመድ ቤን አብደላ በ1764 ወደቡን ሲያቋቁሙ ንግዱን በአደራ የሰጡት በአብዛኛው ለአይሁድ ነጋዴዎች ነበር። የራቢ ሃይም ፒንቶን ምኩራብ እዩና ከስምዖን አቲያስ ምኩራብ ጋር በአንድ ቤት ወዳለው የአይሁድ ቅርስ ማዕከል፣ ባይት ዳኪራ፣ ሂዱ።

8. ሙዚየሙን ለመጨረሻ አቆዩት

ብዙ አስጎብኚ ድርጅቶች በካዛብላንካ ኦዋሲስ ሰፈር ያለውን የሞሮኮ አይሁዶች ሙዚየም የመጀመሪያ ቀን ላይ ያስቀምጡታል። እኔ የመጨረሻ ቀን ላይ አድርጉት እላለሁ። በ1997 የተከፈተውና ስምዖን ሌቪ ለዓመታት የመሩት ይህ ሙዚየም የአንጥረኛ መሥሪያ፣ የሠርግ ካፍታን፣ የሃኑካ መብራትና የምኩራብ ዕቃዎች አሉት። ሜላሁን ያላየ ሰው በመስታወቱ አጠገብ በፍጥነት ያልፋል። ያየው ግን የአንጥረኛው መሥሪያ በየትኛው ዓይነት መንገድ ዳር እንደነበር ያውቃል፣ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የመመለሻ በረራችሁ ማታ ይሁን፣ ቀኑም ቅዳሜ አይሁን።